ባለቤት፦ የለውም

ሰኔ 20 ቀን 1963 ዓ.ም.፣ ወልቂጤ

ትምህርት ቤት ከተዘጋ ዘጠኝ ቀን ሆነው። ክረምቱን ሙሉ ምን ልሠራ ነው እያልኩ ስጨነቅ ዛሬ ዳይሬክተራችን አስጠሩኝና ከአንድ እንግዳ ጋር አስተዋወቁኝ። ፈቃደ ይባላል። ከአውራጃ የመጣ የጥናት ክፍል ጸሐፊ ነው። ጥቁር ቦርሳ፣ የተወለወለ ጫማ፤ በዚህ ጭቃ! ከቦርሳው አሥራ አራት ገጽ የእንግሊዝኛ ቅጽ አወጣ። አዲስ አበባ ያሉ የውጭ አማካሪዎች ያዘጋጁት ነው። እኔ ወደ አማርኛ እንድመልሰው፣ ከዚያም የአንድ መንደር መልስ እንድሞላበት ይፈልጋሉ።

«መንደሩን እርስዎ ይምረጡ» አለኝ።

ወርጫን መረጥኩ። ቸሃ ውስጥ ነው፣ ከዚህ የአራት ሰዓት የእግር መንገድ። አባቴም እኔም የተወለድነው እዚያ ነው። እኔ ግን በአራት ዓመቴ አዲስ አበባ ስለገባሁ መንደሩን የማውቀው በመስቀል በመስቀል ብቻ ነው።

ቅጹ ላይ አንድ ቃል ሠላሳ አንድ ጊዜ ተጽፏል። ቆጠርኩት። ሪሶርስ።

ሥራው ጥሩ ከሆነ አዲስ አበባ የአስተርጓሚ ቦታ ክፍት አለ ብሏል ፈቃደ። ለወሬ ያህል ነው ያነሳው፣ እኔም ለወሬ ያህል ነው የሰማሁት።

ሰኔ 22

አራት ዓመት እንግሊዝኛ ሳስተምር ይህን ቃል ስንቴ ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ! «ሀብት» ብዬ አልፈዋለሁ፤ ልጆቹም «ሀብት» ብለው ይገለብጣሉ። ዛሬ መዝገበ ቃላቱን ገልጬ ባነብ አፈርኩ። አንደኛ፣ ችግር ሲመጣ የሚዞሩበት ነገር። ሁለተኛ፣ ሰው ወይም አገር ያለው፣ ሲያስፈልግ የሚያወጣው ክምችት። ሦስተኛ፣ መላ የማያጣ ሰው ብልሃት። አራተኛ፣ ሥራ የፈታ ሰው ጊዜውን የሚያሳልፍበት። አንድ ቃል እንዴት ማዕድንም፣ ብልሃትም፣ ሥራ ፈት የሚያገላብጠው መጽሐፍም ይሆናል?

አማርኛዎቹን ደረደርኳቸው። ሀብት፤ ግን ሀብት ያለው ሀብታም ነው፣ ቅጹ ድሃውንም ይጠይቃል። ንብረት፤ ይሄ አጥር አለው። ጥሪት፤ ደስ ይላል፣ ግን ላብ ያለበት ነው፤ ዝናብን ጥሪት የሚል አልሰማሁም። መጠባበቂያ። መመኪያ። አለኝታ።

አለኝታ ላይ ቆየሁ። እናቴ የሞተች ዕለት አባቴ «አለኝታዬ ሄደች» ሲል ሰምቼዋለሁ። አማካሪዎቹ እንዲህ ያለው ነገር ከየትኛው ሣጥን ውስጥ እንዲገባ እንደሚፈልጉ እንጃ።

ሰኔ 24

ቤት አከራዬን እትዬ ዘይባን ጠየቅኋቸው። በራቸው ላይ ጨርቅ ዘርግተው ተቀምጠዋል።

«እትዬ ዘይባ፣ ችግር ቢመጣብዎ ወዴት ነው የሚዞሩት?»

«አስተግፊሩላህ! ምን ሰምተሽ ነው?»

ቃል እየተረጎምኩ ነው ብል አላመኑኝም። ቆይተው ግን አሰቡበት። «መጀመሪያ ወደ አላህ። ከዚያ ወደ እህቴ። ከዚያ ወደ ስፌት መኪናዬ።»

«ቤቱስ?»

«ቤቱማ ያለሁበት ነው። ያለሁበት ላይ ደግሞ ምን እዞራለሁ?»

ይህን መዝገበ ቃላቱ አላሰበውም። ሰው የቆመበትን ነገር ከሪሶርሱ አይቆጥረውም ማለት ነው? ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርደኝ የዋለች ጥያቄ ናት።

ሰኔ 27

ፈቃደ መጣ። ትርጉሙን አየ። «አለኝታ»ን አልወደደውም። «ቅጽ ነው እኮ፣ ልቅሶ አይደለም» አለ። ተከራከርን። አሸነፈ። «ሀብት» ይባል። ሲወጣ «አንቺ ግን መላ አታጪም» አለኝ። እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነበርኩ። ይህን መጻፍ አያስፈልግም ነበር።

ሐምሌ 3፣ ወርጫ

ደረስኩ። ዝናብ፣ ጭቃ፣ አንድ ጫማዬ ወንዝ ውስጥ ቀረ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ጋሼ ተካና ባለቤታቸው እትዬ ወለተ ሐና እግሬን አጥበው አስተኙኝ። ለዛሬ ይህ ይበቃል።

ሐምሌ 5፣ ወርጫ

ሥራው እንዳሰብኩት አልሆነም። እዚህ የሚነገረው ጉራጊኛ ነው፤ የኔ ጉራጊኛ ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ጉራጊኛ ነው፣ ይስቁብኛል። የሚሉኝን እኔው በአማርኛ እያደረግሁ እጽፋለሁ።

ዓምድ አንድ፣ ማዕድን። የለም። ዓምድ ሁለት፣ ደን። በቁጥር የሚታወቁ ዛፎች። ዓምድ ሦስት፣ የእህል ክምችት። ዓምድ አራት፣ ቋሚ ተክል። እንሰት! እዚህ ላይስ እሞላለሁ ብዬ ከእትዬ ወለተ ሐና ጋር ወደ ጓሮ ዘለቅሁ። ከሰው ቁመት በላይ የሆነ እንሰት ተራ በተራ ቆሟል። ችምችም ባለው ቅጠል ስር ጨለማ ነው፣ ዝናብም አያገኝም። መቁጠር ስጀምር ክንዴን ያዙኝ።

«ተይ፣ አይቆጠርም።»

«ለምን?»

«ግብር ሊጨምሩብን ነው?»

«ለጥናት ነው።»

«ላስጠናሽ እኔ። ይህ የዘንድሮ ነው፣ ያ የከርሞ፣ ያኛው ደግሞ አንቺ ስታገቢ የሚፋቅ ነው። ቆጮ የተቀበረበት ጉድጓድም አለ። የት እንደሆነ አልነግርሽም፣ ስንት እንደሆነም ተካ ራሱ አያውቅም። አሁን ጻፊ እስቲ!»

አልጻፍኩም። እንዲህ እያለ የወርጫ ገጽ ባዶ ሊቀር ነው። ፈቃደ ሌሎች መንደሮችን የሞሉ መምህራን ወረቀት አሳይቶኛል፤ ጥቅጥቅ ያለ ነው። የኔ መንደር ምንም እንደሌለው መታየቱ አናደደኝ።

ሐምሌ 6፣ ወርጫ

ዛሬ ጠዋት ዝናቡ ሲያባራ በር ላይ ተቀምጬ የማየውን አየሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ ስረግጠው ኖሬ አይቼው የማላውቀውን ማለቴ ነው። ጀፎረውን።

እዚህ ላላደገ ሰው ጀፎረ እንዲህ ነው። በመንደሩ መሐል ለመሐል የሚያልፍ ሰፊ የሣር መንገድ። ቤቶቹ በግራና በቀኝ ፊታቸውን ወደሱ አድርገው ተሰልፈዋል፤ እንሰቱ ሁሉ ከቤት ጀርባ ነው፣ ከፊት አንድ ቅጠል የለም። ሣሩ አጭርና እኩል ነው። ማንም አያርሰውም፣ ማንም አያጥረውም፣ ጥራጊ የሚጥልበት የለም። ሙሽራ በሱ ይገባል፣ አስከሬን በሱ ይወጣል። ፍርድ በሱ ላይ ይቀመጣሉ፣ ዳመራ በሱ ላይ ያቆማሉ። በእርምጃ ለካሁት። ርዝመቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ፣ ስፋቱ ሰባ። ከወርጫ መሬት ሁሉ ለጥ ያለው እሱ ነው።

ጋሼ ተካ ስለካ አይተው መጡ።

«ምን ጠፋሽ?»

«ምንም። ጋሼ፣ ይህ የማን ነው?»

ጥያቄው አልገባቸውም። ደገምኩላቸው።

«የማንም አይደለም።»

«የመንግሥት ነው?»

ሳቁ። «መንግሥት ወርጫ መጥቶ ያውቃል?»

«የመንደሩ ነው ልበል?»

«የማንም አይደለም አልኩሽ» አሉ፣ በር እንደሚዘጋ ሰው። ከዚያ ግን ባባታቸው ዘመን የሆነ ነገር አወሩልኝ። አንድ ጎረቤት ባንድ ክረምት አጥሩን አንዲት እርምጃ ወደ ጀፎረው ገፋ። ሽማግሌዎቹ አልጮኹበትም። ተራ በተራ ሄደው አጥሩ ስር ተቀመጡ፣ ምግብ ሲያቀርብላቸው አልበላ አሉ። በሦስተኛው ቀን ሰውዬው ራሱ ነቀለው።

የማንም ስላልሆነ የሚጠበቅ ነገር! እንዲህ ያለውን የት አነበብኩ? የትም። እየጓጓሁ ወደ ቅጹ ሮጥኩ። ዓምድ አምስት፣ ክፍት መሬት። ለጥ ያለ የሣር ሜዳ፣ 1200 በ70 እርምጃ። ዓምድ ስድስት፣ ባለቤት። የለውም። ዓምድ ሰባት፣ ያሁን ጥቅሙ። እዚህ ላይ ሁለት መስመር ብቻ ነው ያለው። ስለ ሙሽራውና ስለ አስከሬኑ ብጽፍ ይስቁብኛል ብዬ «የተለየ ጥቅም የለውም፤ ከብት ይግጥበታል፣ ሰው ያልፍበታል» አልኩ። ገጹ ሞላ። ደስ ብሎኛል።

ሐምሌ 14፣ ወልቂጤ

አስረከብኩ። ፈቃደ እዚያው ቆሞ አነበበው። «ዓምድ አምስትን የሞላሽው አንቺ ብቻ ነሽ! ሌላው መምህር ሁሉ ሰረዝ እያደረገ ነው ያለፈው» አለ። አዲስ አበባ ለአለቆቹ ስሜን እንደሚጽፍ ነገረኝ። ሌሎቹ ለምን ሰረዝ እንዳደረጉ ግን አልጠየቅኩትም።

ሐምሌ 28

ዝናብ። ፈቃደ አልመጣም። አልጠበቅኩትም።

እትዬ ዘይባ «ማንን ነው በመስኮት የምታዪው?» አሉ። ዝናቡን ነው አልኩ።

ነሐሴ 6

ሱቅ ውስጥ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ጡረታ የወጣ አንድ ሹም መሬት ሊሰጠው ነው፤ ባሕር ዛፍ ይተክልበታል። «ባለቤት የሌለው ሜዳ ተገኝቶለታል፣ ወርጫ የሚባል አገር» አለ አንደኛው።

ወርጫ የሚባል ብዙ አገር አለ። ቢያንስ ሌላ አንድ ይኖራል።

ነሐሴ 10

ጋሼ ተካ መጡ። እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ናቸው። ሰላም ብለውኝ፣ የሰጠኋቸውን ውሃ ጠጥተው፣ ከጋቢያቸው ስር አንድ ነገር አወጡና ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ችካል ነው። ጫፉ ቀይ ተቀብቷል፣ ቁጥር ተጽፎበታል።

«አንብቢልኝ።»

«አሥራ ሰባት ይላል።»

«ስለዚህ ሌሎች አሥራ ስድስት አሉ። ገመድ ይዘው መጡ፣ ጀፎረውን ከላይ እስከ ታች ለኩት። ምነው አልናቸው። ባለቤት የለውም ተብሎ ተጽፏል አሉን።»

«ማን ጻፈው አሉ?» አልኩ።

አዩኝ። «ወረቀት ነው የጻፈው አሉ» አሉ። «አንቺ የተማርሽ ልጃችን ነሽ። አቤቱታ ጻፊልን ልልሽ ነው የመጣሁት።»

እሺ አልኩ። ሌላ ምንም አላልኩም። ሌላ ምንም!

ነሐሴ 11

አቤቱታውን ጻፍኩት። በሕይወቴ እንዲህ ያማረ አማርኛ ጽፌ አላውቅም። ሙሽራውም አስከሬኑም አለበት። ጋሼ ተካ ሳነብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይህን ሁሉ ታውቂ ኖሯል» አሉ። ችካሉን ትተውልኝ ሄዱ። ረስተውት ይሆን?

ነሐሴ 15

ጥናት ክፍሉ ወልቂጤ ካለው ቢሮው ሄጄ ፈቃደን አገኘሁት። ያማረውን አቤቱታ አነበበና መሳቢያውን ከፍቶ የኔን ቅጽ አወጣ። አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጣቸው። አንድ እጅ ጽሑፍ።

«የትኛዋን መንበረ ልመን?» አለኝ። እየቀለደ አልነበረም፣ እየጨከነም አልነበረም። ባለቤት የሌለው መሬት የመንግሥት ነው፣ መንግሥት ደግሞ ለፈለገው ይሰጣል፤ ሕጉ ይኸው ነው። እስከ መስከረም 5 ድረስ የባለቤቶቹ ስም ከቀረበና ቅጹን የሞላው ሰው ተሳስቻለሁ ብሎ ከፈረመ ነገሩ እንደገና ይታያል። «የፈረምሽ ዕለት ግን ያዲስ አበባውን ቦታ እርሺው። የተሳሳተ ጥናት የሞላን ሰው አስተርጓሚ አያደርጉም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዝም ብትዪ የሚያውቅ የለም። እኔ ለማንም አልናገርም።»

ለደግነቱ አመሰገንኩት። እንዴት ብዬ ነው ያመሰገንኩት?

ነሐሴ 16

ሰውየው ባሕር ዛፍ ቢተክል ጥላ ይሆናቸው ይሆናል። ለአስከሬን ሌላ መንገድ አይጠፋም።

ይህን ከላይ የጻፍኩትን ደግሜ አነበብኩት። አልሰርዘውም፣ እንዳየው ይቀመጥ።

ነሐሴ 19

ችካሉ አሁንም ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ጠዋት መዝገበ ቃላቱን ስከፍት ክንዴን ይነካኛል። እትዬ ዘይባ ሊማግዱት ጠየቁኝ፣ ጮኽኩባቸው። ይቅርታ ጠየቅኋቸው። «ልጄ፣ ወደማን ልትዞሪ ነው?» አሉኝ፣ የራሴን ጥያቄ መልሰው።

ነሐሴ 22፣ ወርጫ

ነገርኳቸው። ከበር ሳልገባ፣ ጫማዬን ሳላወልቅ ለሁለቱም ነገርኳቸው። «የጻፍኩት እኔ ነኝ።»

እትዬ ወለተ ሐና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ጋሼ ተካ ግን አልደነገጡም።

«ችካሉን ይዘሽ መጥተሻል?»

ከቦርሳዬ አወጣሁት።

«ይኸን ሳስቀምጥልሽ አውቄ ነበር» አሉ። «በዕድሜዬ ሁሉ ጀፎረ የማን ነው ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው ነው። እዚህ ያደገ ሰው አይጠይቅም፤ መንግሥትም አልጠየቀኝም። የጠየቅሽኝ አንቺ ነሽ።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጡኝም?»

«ችካሉን ትቼ አጥርሽ ስር ተቀመጥኩ እኮ። አሥራ ሁለት ቀን።»

አለቀስኩ። በእንባዬ ማንም አላባበለኝም፣ ደግሞም ልክ ናቸው።

ነሐሴ 24፣ ወርጫ

መንደሩ ጀፎረው ላይ ተሰበሰበ። ወንዶቹ በክብ፣ ሴቶቹ ወደ ጎን። ቀይ ችካሎቹ በመሐላችን ቆመዋል። ጋሼ ተካ ሁሉንም ተናገሩ፣ የኔንም ጭምር፤ ስሜን ሳይደብቁ፣ ሳያጋንኑም። አንድ ወጣት «ከተሜ!» አለኝ። ሌላ ስድብ አልሰማሁም፣ ያችው በቂዬ ነበረች።

ከዚያ ተነሥቼ ሕጉን አስረዳሁ። ዓምድ ስድስት ላይ ስም ይፈለጋል። ስልሳ ስምንት ቤት አለ፣ ስልሳ ስምንት ስም እንጽፍና ያልቃል አልኩ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

አንድ ሽማግሌ «ስም ከተጻፈ ድርሻ ይመጣል» አሉ። «ዛሬ ስሜን ትጽፊያለሽ፣ ነገ ልጄ የአባቴን ድርሻ አምጡ ይላል። በልጅ ልጄ ጊዜ ስልሳ ስምንት አጥር ይሆናል። ያኔ ባሕር ዛፉ ምን በደለ?»

እውነት ነው። ስም ካልጻፍን መንግሥት ይወስደዋል። ከጻፍን ራሳችን እንበላዋለን። እንዲህ ያለ ነገር መዝገበ ቃላት ውስጥ የለም፤ ሲጠቀሙበት የሚያልቅ ሀብት አውቃለሁ፣ የኔ ሲሉት የሚያልቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው። ያን ሁሉ ጭንቀት ይዤ እንኳ ነገሩ ገረመኝ። ይህ ጠባዬ አንድ ቀን ያጠፋኛል። ለነገሩ አጥፍቶኛል።

ከዳር የቆመው ባዩ ተናገረ። ባዩ እንጨት ጠራቢ ነው። በወርጫ ቤት ሁሉ መሐል የቆመው ምሰሶ የሱና ያባቱ እጅ ነው፤ ግን እንደ ወገኑ ሁሉ መሬት እንዲይዝ አይፈቀድለትም፣ እንሰት ጓሮም አይገባም። ቤቱ ከስልሳ ስምንቱ አልተቆጠረም። እኔም አልቆጠርኩትም ነበር።

«እኔ የማንንም አጥር ሳልረግጥ የምቆምበት ቦታ ይኸው ብቻ ነው» አለ። «የማንም ስላልሆነ ነው የምቆምበት። ስልሳ ስምንት ስም የጻፋችሁ ቀን እኔ ከወርጫ ወጣሁ ማለት ነው። ባለ ባሕር ዛፉም ቢመጣ፣ እናንተም ብትካፈሉት፣ ለኔ አንድ ነው።»

ብዙዎቹ መሬት መሬት አዩ። ከሴቶቹ በኩል የተናገሩት እትዬ ወለተ ሐና ናቸው።

«ምን ያስጨንቃችኋል? እውነቱን ይጻፉ። ባለቤቱ ‹የኔ አይደለም› የሚለው ሰው ሁሉ ነው ይበሉ። የኔ ነው ያለ ከባለቤትነቱ ይወጣል።»

ሳቁ መጀመሪያ፣ እንደ ቀልድ። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አንዱ ሽማግሌ ደገሙት። ሌላው ደገመው። እኔ ደብተሬ ላይ እጽፍ ነበር፣ እጄ አልደርስ አለኝ።

ነሐሴ 27፣ ወርጫ

እንዲህ ብዬ ጻፍኩት። «እኛ ስማችን ከዚህ በታች የተመለከተው የወርጫ ጀፎረ ባለቤቶች ነን። እያንዳንዳችን በተናጠል ድርሻ የለንም፣ አንጠይቅም፣ አናወርስም። ድርሻ አለኝ ያለ ከዚህ ዝርዝር ይሰረዛል።» በጉራጊኛ ሦስት ጊዜ ተነበበ።

ከዚያ በየቤቱ። ዝናብ። የቀለም ሣጥኑን በእንሰት ቅጠል ሸፍኜ። ወንዱም ሴቱም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም አውራ ጣቱን ያትማል። አንዲት አሮጊት ሁለቱንም አውራ ጣቶቻቸውን አተሙ፤ አንደኛው ለሞተው ባላቸው ነው አሉ። ልክ አይደለም ማለት ነበረብኝ።

ባዩ ደጅ ስደርስ አብረውኝ የነበሩት ሁለት ሽማግሌዎች ዘገዩ። ጋሼ ተካ ሣጥኑን ከእጄ ተቀብለው ራሳቸው ያዙለት። ባዩ ጣቱን ከማተሙ በፊት በሱሪው ጠረገው፣ ሁለት ጊዜ። ቤቱ ስልሳ ዘጠነኛ ሆነ። አንደኛው ሽማግሌ እስከ ማታ አላናገሩንም።

ጳጉሜን 3፣ ወልቂጤ

ፈቃደ ሁሉንም ገጽ አገላበጠ። «መቶ አርባ ሁለት ባለቤት፣ ሁሉም የኔ አይደለም ይላል» አለ። «ይህን የትኛው ዓምድ ላይ ነው የማስገባው?»

«ስድስት ላይ። ሰባት ላይም።»

ዓምድ ሰባትን እንደ አዲስ ሞልቼ አምጥቼ ነበር። ሁለቱ መስመር አልበቃኝም፣ ከጀርባው ቀጥያለሁ። አነበበው። ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ተሳስቻለሁ የሚለውን ወረቀት ገፋ አደረገልኝ፤ «እርግጠኛ ነሽ?» አለ። ፈረምኩ። መንበረ ገብረወልድ፣ መምህርት። ፊርማዬ ተንጋዷል።

መስከረም 4 ቀን 1964 ዓ.ም.

ያዲስ አበባው ቦታ ለሌላ ተሰጠ። ዳይሬክተሩ ነገሩኝ። አልተናደድኩም ብል ደብተሬ ይስቅብኛል። ቅናቱ አንገቴ ድረስ ነው።

ከአውራጃ መልስ የለም።

መስከረም 11

መልስ የለም። ነገ ወደ ወርጫ እሄዳለሁ። ዳመራ የሚቆመው በችካሎቹ መሐል ከሆነም አብሬ ልየው።

መስከረም 15፣ ወርጫ

ያዲስ አበባዎቹ ሁሉ ገብተዋል። አባቴም መጣ፣ ሥጋ ተሸክሞ። ቤቱ ሁሉ ጫጫታ ነው፤ ግን እያንዳንዱ መጪ ጀፎረው ጫፍ ሲደርስና ቀዩን ችካል ሲያይ ይቆማል። ታሪኩን ይጠይቃሉ፣ ይነግሯቸዋል፣ ከዚያ ወደኔ ይመለከታሉ። አባቴ ግን አጠገቤ ተቀምጦ ዋለ።

ወደ ማታ አካባቢ አንድ ሰው ከታች በኩል ሲመጣ አየን። ጥቁር ቦርሳ። ጫማው ጫማ መሆኑ አይታወቅም ነበር፣ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አንድ ጭቃ። አራት ሰዓት በእግሩ! ደብዳቤውን በፖስታ መላክ ይችል ነበር፣ ግን ያን አልነገርኩትም።

ቆሞ አነበበው፣ እኔ ተረጎምኩ። ጉዳዩ ተጣርቶ እስኪወሰን ሜዳው ባለበት ሁኔታ ይቆይ፣ ችካሎቹ ይነሡ። ተሰጥቷችኋል አይልም። አይወሰድባችሁም አይልም። ባለበት ይቆይ ነው የሚለው።

«ባለበት ነው የምንፈልገው» አሉ ጋሼ ተካ። ከዚያ ወደ ፈቃደ አመልክተው «እግሩን እጠቡለት» ብለው አዘዙ።

መስከረም 16፣ ወርጫ

አሥራ ስድስቱ ችካሎች ዳመራው ውስጥ ገብተዋል። አሥራ ሰባተኛውን ጋሼ ተካ አልሰጥም አሉ፤ በራቸው ላይ ሰቅለውታል።

ችቦው ከመለኮሱ በፊት እትዬ ወለተ ሐና መንደሩ ያስቀረውን የዝርዝሩን ቅጂ አምጥተው «አንብቢው» አሉኝ። በሰዉ ሁሉ ፊት አነበብኩት። ስሙ የተጠራ «አለሁ» ይላል። ልጆች ያባቶቻቸውን እየተከተሉ «አለሁ!» ይላሉ። ባዩ ከዳር ሆኖ «አለሁ» አለ፣ ዛሬ ትንሽ ጠጋ ብሎ ነበር። አንብቤ ጨረስኩ።

«አልጨረስሽም» አሉ እትዬ።

«መቶ አርባ ሁለት ነው እትዬ፣ ጨርሻለሁ።»

«የገብረወልድ ልጅ የት አለች?»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ፣ ያው «ከተሜ» ያለኝ ወጣት ነው። ጋሼ ተካ የቀለም ሣጥኑን ከፈቱ። መጻፍ እችላለሁ፣ ልፈርም ብዬ ብዕሬን አወጣሁ። አውራ ጣቴን ያዙኝ።

«እንደ ሰው ሁሉ» አሉ።

ስሜን ራሴ ጻፍኩት፣ መቶ አርባ ሦስት ብዬ። ጣቴን እሳቸው አተሙት። ድርሻ የለኝም ከሚለው መስመር በታች ሰማያዊ ሆኖ ወጣ፣ ጥርት ብሎ፣ ከተንጋደደው ፊርማዬ ይሻላል። ከዚያ አንድ ሰው ስሜን ጠራ፤ ማን እንደሆነ አላየሁም።

«አለሁ» አልኩ።